ከድስቱ ጋር የሄደው ምርቃት

የቤቱ ሕግ አንድ ነበር። በዓመት በዓል ቀን ድስቱ ወጥቶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ እጅ ታጥቦ ሲያበቃ፣ የቤቱ ታላቅ ሳይመርቅ ማንም እጁን ወደ ገበታው አይሰድም። ሕጉን ያወጡት አያትየው ናቸው። እሳቸው ሲመርቁ ደግሞ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ በበሩ ትወጣለች ይባልላቸው ነበር። በየመሀሉ «አሜን» ማለት ክልክል ነው፤ የት እንደደረሱ ይጠፋባቸዋል። አሜን አንድ ጊዜ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ።

አንድ ዓመት አያትየው ጉንፋን ይዟቸው ታናሽ ወንድማቸው ተተክተው ሲመርቁ፣ ገና ከመሀሉ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። እጃቸው እንደተዘረጋ ማንኮራፋት ጀመሩ። ሕፃናት በረሃብ ሊያለቅሱ ሆነ። አንዲት ምራት ይህን አይታ ቀስ ብላ «ዓመት ዓመት ያድርሰን» ስትል ቤቱ በሙሉ «አሜን» አለና በላ። ሰውየው ሲነቁ ገበታው ባዶ። ትልቅ ጠብ ተነሣ፤ የዘንድሮው መራቂ ማን ይባል? አያትየው ጢማቸውን አሻሽተው፣ ምርቃት የሚቆጠረው ሲጀመር አይደለም፣ ቤቱን አሜን ያሰኘ እሱ መራቂ ነው ብለው ፈረዱ። ፍርዱን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ማንም ግን አልረሳውም።

አያትየውም አለፉ፣ ከእሳቸው በኋላ የመጡትም አለፉ። ዛሬ የቤቱ ታላቅ እትዬ ቶሎ ናት።

እናቷ ያወጡላትን ስም ከመታወቂያዋ በቀር የሚያውቀው የለም። ስትሄድ ቶሎ፣ ስትቆጣ ቶሎ፣ ስትታረቅም ቶሎ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። በዚያ ክፍል የእሷ ሕግ፣ ኪሱ ሳይፈተሽ ማሽን የሚገባ ልብስ የለም የሚል ነበር። ከየኪሱ ያወጣችውን በብስኩት ቆርቆሮ ታስቀምጥ ነበር፤ አዝራር፣ የሐኪም እስክሪብቶ፣ ያልተላከ ደብዳቤ፣ ባለቤት ያልመጣለት አንድ ረድፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ቆርቆሮውን ከፍታ ታሳየዋለች። ጥርሱን ያየ ሰው ሁለተኛ ኪስ ሳይፈትሽ አያጥብም።

ምርቃቷም እንደ ስሟ ነው። ያገናኘን አይለየን፣ የበላነው ይስማማን፣ ያጣ ያግኝ፣ ዓመት ዓመት ያድርሰን። አበቃ። አሜን ሲባል የድስቱ እንፋሎት ገና ከክዳኑ አልወረደም።

በዚህ የሚናደድ አንድ ሰው አለ፤ ታናሽ ወንድሟ። የትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኖ ወንበር ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው፤ ስሙም በሠፈሩ ጋሼ ዝርዝር ነው። ሰላምታ ሲሰጥ ሰውየውን ይጠይቃል፣ ሚስቱን ይጠይቃል፣ ልጆቹን በየዕድሜያቸው ይጠይቃል፣ ከብት ካለ ከብቱን ይጠይቃል፤ ከሌለም «ከብት የላችሁም አይደል?» ብሎ አረጋግጦ ነው የሚያልፈው። በእሱ ሐሳብ የእህቱ ምርቃት ምርቃት ሳይሆን ቴሌግራም ነው። ስንት ነገር ሳይመረቅ ይቀራል፤ ዘር አለ፣ ዝናብ አለ፣ ጎረቤት አለ። እሱ ቢሰጡት ኖሮ አንድም ነገር አይረሳም ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ በልቡ ሲያዘጋጅ ኖሯል።

እትዬ ቶሎ የምታሳጥረው ግን ስለቸኮለች ብቻ አልነበረም። እናቷም የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበሩ። የታማሚ አንሶላ በዓል አያውቅምና፣ በዓመት በዓል ቀን ለእናትየው የሚፈቀድላቸው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር። ሮጠው ይመጣሉ፤ እጃቸው ሳሙና ሳሙና እያለ በሩ አጠገብ ቁጭ ይላሉ። እትዬ ቶሎ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች፣ አያትየው ምርቃቱን ከአዝመራው ጀምረው ወደ ዝናቡ ሲሻገሩ እናትየው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። ከዝናቡ ወደ ከብቱ ሲሻገሩ ደግሞ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሡና፣ ነውር እንዳይሆን እጃቸውን እንደዘረጉ፣ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ በበሩ ወጡ። አንዲት ቁራሽ ሳይቀምሱ። ልጅቷ ዳቦ በነጠላ ጠቅልላ ብትከተላቸው ከመታጠፊያው ደርሰው ጠፍተዋል። ዳቦውን ይዛ እየተመለሰች፣ እኔ በምመርቅበት ቤት ሰው ሳይበላ አይሄድም ብላ ለራሷ ማለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለወንድሟም።

ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ዓመት አንድ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር፣ ውጭ አገር ላለ የአረጋውያን መኖሪያ ልብስ ማጠብና መተኮስ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል ተባለ። ስድስት ወር ነው፤ ማደሪያና ምግብ አለ፣ ደመወዝ የለም። እትዬ ቶሎ እንደልማዷ ቶሎ ብላ ተመዘገበች። ጎረቤት ሳቀ። ሰው አገር ድረስ ሄደሽ በነፃ ልታጥቢ ነው? አሏት። እሷም እዚህስ የናንተን ቀሚስ ስተኩስ የኖርኩት ማን ከፍሎኝ ነው አለች።

ያላሰበችው ነገር በዓሉ ከስድስቱ ወር መሀል መውደቁን ነው። ጋሼ ዝርዝር ግን አስቦበት ነበር። ሻንጣዋን በምታዘጋጅበት ቀን ቡና ሳይል ምን ሳይል መጥቶ ተቀመጠና ጉዳዩን በስምንት ነጥብ ከፋፍሎ አስረዳ። ባጭሩ፣ በቦታው የሌለ ታላቅ አይመርቅም፤ ወንበሩ ወደሚቀጥለው ይተላለፋል፤ አንዴ የተላለፈ ደግሞ አይመለስም ነው። እሷ በስልክ እመርቃለሁ አለች። እሱ በስልክ ምርቃት የት ታየ አለ።

ዳኛ የሆነችው ታናሽ እህታቸው ናት። እሷ ባለድስቷ ትባላለች፤ የበዓሉን ምግብ የምትሠራው እሷ ስለሆነች በቤቱ ውስጥ የመጨረሻ ቃል የእሷ ነው። የቀዘቀዘ ምግብ ካየች ታማ ትተኛለች።

«ስድስት ሰዓት ላይ ድስቴ ይወጣል» አለች። «እስከዚያ ከደወለች ምርቃቱ የእሷ ነው። ካልደወለች የአንተ ነው፣ ለዘለቄታው። ወጤ ግን ማንንም አይጠብቅም።»

ጋሼ ዝርዝር ውሉን በወረቀት አሰፈረና ሦስቱም ፈረሙበት።

የሄደችበት አገር መልካም ሆኖ አገኘችው። የአረጋውያኑ መኖሪያ ሦስት ፎቅ ነው፤ ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት። ክብ የመስታወት በር ያላቸው አራት ማሽኖች፣ ሁለት ልብስ ተኳሾች የሚቆሙበት አንድ ረጅም የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በትንሽ የእንጨት ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ስልክ። የክፍሉ ኃላፊ ረጅም ሴት ናት፤ ወገቧ ላይ የቁልፍ ዘለላ ታንጠለጥላለችና ከመታየቷ በፊት ትሰማለች። እትዬ ቶሎ ባለቁልፏ አለቻት። አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ አያውቁም። ሆኖም እትዬ ቶሎ በአማርኛ፣ ሴትዮዋም በገዛ ቋንቋዋ እየተነጋገሩ ስለ አንሶላ ያልተግባቡበት ቀን አልነበረም። የቡና እድፍ ሲገኝ ሁለቱም በየቋንቋቸው እኩል ይራገማሉ።

እሑድ እሑድ ማኅበሩ በትንሽ አውቶቡስ አገር ያሳያቸዋል። ትልቅ ግንብ አየች፣ ሐይቅ አየች፣ የድሮ ድልድይ አየች። ስትመለስ ጋሼ ዝርዝር ይደውልና የግንቡ ደረጃ ስንት ነው ይላታል። አልቆጠርኩም ስትለው ያዝናል። እሷ ልብ ያለችው በየሆቴሉ ሰገነት ላይ የተሰጡትን አንሶላዎች ነው፤ እንዲያ ያለ ሐይቅ አጠገብ ሆነው እንኳ አንሶላቸው አልነጣም።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። እዚያ አገር ቀኑ እንደማንኛውም ቀን ነው፤ አውቶቡሱም አያከብረው፣ አንሶላውም አያከብረው። እትዬ ቶሎ በጠዋት ተነሥታ ከሻንጣዋ ሥር ያስቀመጠችውን የክት ቀሚሷን ለበሰች። ሰዓቱን አስልታለች። እዚህ አራት ሲሆን ቤት ስድስት ነው፤ ሦስት ተኩል ላይ ሥራዬን አደላድዬ ለአራት ሩብ ጉዳይ ላይ እደውላለሁ ብላለች። ስልኳን የሥራ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተች።

ምድር ቤት ወርዳ የጠዋቱን ልብስ መፈተሽ ጀመረች። የሽማግሌዎቹን ሹራብ ኪስ አንድ በአንድ አየች፤ መሐረብ ወጣ፣ ከረሜላ ወጣ፣ ከሰዎቹ አንዱ ከቁርስ የደበቀው የተቀቀለ እንቁላል ወጣ። ማሽኑን ሞላች። ልትዘጋው ስትል ካፖርቷን አየችው፤ እጅጌው ላይ ትናንት የነካው ዝገት አለ። በዓመት በዓል ቀን እንዲህ ሆኜ ቤተሰብ ልመርቅ? ብላ አወለቀችና ከሹራቦቹ ጋር ወረወረችው። በሩን ዘጋች፤ ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ ውኃ ጠጣና መዞር ጀመረ።

ከዚያ «ኳ» አለ። ዞሮ መጥቶ ደግሞ «ኳ»።

እትዬ ቶሎ ሠላሳ አንድ ዓመት ያን ድምፅ ታውቀዋለች። የማን ሞኝ ኪስ ነው? ብላ ወደ መስታወቱ ጎንበስ አለች። በአረፋው ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር ብቅ አለ፣ ጠለቀ፣ ደግሞ ብቅ አለ። ያን ጊዜ ባዶ ጎኗን ዳሰሰች። የሰው ኪስ ስትፈትሽ የኖረች ሴት የራሷን ኪስ አጠበች።

ማሽኑ አንዴ ከጀመረ ሃምሳ ደቂቃ አይከፈትም። ጎተተችው፣ መታችው፣ በአባቷ አጥንት ለመነችው። ይባስ ብሎ ስልኩን የሸጠላት ልጅ ውኃ አይገባውም ብሏት ነበርና ለካ እውነቱን ነው፤ አረፋው ውስጥ በራ። የሚደውለው ጋሼ ዝርዝር ነው። ኮት ለብሶ የተነሣው ፎቶግራፉ በመስታወቱ ላይ ብቅ አለ፤ ሽቅብ ሆኖ አለፈ፣ ቁልቁል ሆኖ ተመለሰ፣ በአንድ የሹራብ እጅጌ ፊቱን ተሸፍኖ ሄደ። እንዳልደወለች ለማረጋገጥና ለመመዝገብ ነው የደወለው፤ ታውቀዋለች።

የግድግዳውን ስልክ አየች። ሣጥኑ ተቆልፏል። ባለቁልፏን ፍለጋ ፎቅ ለፎቅ ሮጣ በሁለተኛው ላይ አገኘቻት። አሁን ጉዳዩ አንሶላ አይደለምና መግባባቱ ቸገረ። እትዬ ቶሎ እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ ስልክ ማለቷ ነው። አፏን አመለከተች፤ ምግብ። ሁለት እጇን ዘርግታ ዓይኗን ወደ ላይ አቀናች፤ ምርቃት። ከዚያ ወንድሟን ለማሳየት መንጋጋዋን ያለ ዕረፍት አንቀሳቀሰች። ባለቁልፏ በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች። ከአንድ ቁም ሣጥን ነጭ ፎጣ አውጥታ፣ የእትዬ ቶሎን አገጭ ከሥር አቅፋ አናቷ ላይ ቋጠረችላት። ጥርሷን አሟት መስሏታል። ለማስረዳት በሞከረች ቁጥር ቋጠሮው ይጠብቃል።

ሰዓቱ አራት ሊሆን ነው። እትዬ ቶሎ ክርክሩን ተወችና ሴትዮዋን በእጇ ይዛ፣ ፎጣው እንደ ጥንቸል ጆሮ አናቷ ላይ እየተወዛወዘ፣ ቁልቁል ወደ ምድር ቤት ጎተተቻት። መስታወቱ ፊት አቆመቻትና ጠበቁ። ጋሼ ዝርዝር እንደገና ደወለ፤ ብርሃን ሆኖ በአረፋው መሀል በግንባሩ ተገልብጦ አለፈ። ባለቁልፏ ማሽኑን አየች፤ እትዬ ቶሎ ካፖርት እንዳልለበሰች አየች፤ የክት ቀሚሷን አየች። ከዘለላው ትንሿን ቁልፍ መርጣ የስልኩን ሣጥን ከፈተች።

አሁን ለማን ትደውል? የሰው ቁጥር ሁሉ ያለው ማሽኑ ውስጥ ነው። በቃሏ የምታውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ግድግዳ ላይ በትልልቅ ቀይ አኃዝ የተጻፈው። ሃያ ዓመት በየማለዳው በሩን ከፍታ ስትወጣ የምታየው እሱን ነው። የአገሯን መግቢያ ቁጥር ማኅበሩ አንገቷ ላይ ካንጠለጠለላት ካርድ አነበበች።

«ሃሎ፣ ሱቅ» አለ ባለሱቁ።

«እኔ ነኝ፣ ቶሎ።»

«እትዬ፣ እንኳን አደረሰሽ። ድምፅሽ ምነው? አየሩ ነው? ብርድ አለ ይላሉ። ምግቡስ ተስማማሽ?»

ፎጣውን ከአገጯ ወደ ላይ ገፋችው። «ብርዱን ተወውና ሩጥ። ቤት ሂድ፣ ስልክ ላይ ናት በል።»

ባለሱቁ ሱቁን ለማን ልተወው አለ። እውነቱን ነው፤ ብቻውን ነው፣ በበዓል ቀን ደግሞ ሰው ይገባል ይወጣል። እትዬ ቶሎ እኔ እጠብቅልሃለሁ አለች። ከዚያ ሆነሽ? ቢላት ጆሮዬ እዚያ ነው፣ መነጋገሪያውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው አለችው። ባለሱቁ ሃያ ዓመት ሙሉ ከእሷ ጋር ተከራክሮ አሸንፎ አያውቅም። አስቀመጠውና ሮጠ።

እትዬ ቶሎ ሱቁን መጠበቅ ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ የእግር ኮቴ ሰማች።

«ማነው የገባው?»

ኮቴው ቆመ። የገባችው የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ናት። ዙሪያዋን አየች፤ ጎንበስ ብላ ከባንኮኒው ሥር አየች።

«ባለሱቁ የለም፣ ተልኳል» አለ መነጋገሪያው። «ምን ፈለግሽ?»

«ክብሪት» አለች ሴትዮዋ በፍርሃት።

«በስተግራሽ፣ ከሻማው በላይ። ሚዛኑን እንዳትነኪው፣ ሰባራ ነው።»

«ማን ልበል?»

«ቶሎ ነኝ።»

«ውጭ አገር ሄደች ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

«ሄጃለሁ። ስትወጪ በሩን ገርበብ አድርጊው።»

ሴትዮዋ ክብሪቷን ይዛ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ወደ ቤቷ ሳይሆን ወደ ጎረቤት ሄደች። ይህን ለብቻ ይዞ መቀመጥ አይቻልም።

ቤት ውስጥ የሆነውን በኋላ ባለድስቷ እንደነገረቻት ነው። ጋሼ ዝርዝር ልክ በስድስት ሰዓት ተነሣ። ምርቃት በስልክ እንዳይቋረጥ ብሎ የቤቱን ስልኮች ሁሉ በቅርጫት ሰበሰበ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈ፤ ቁልፉን ኮቱ ኪስ ከተተ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ጀመረ። የጀመረው ከቅድመ አያት ቅድመ አያት ነው። በአባት በኩል ወርዶ ወደ እናት በኩል ሲሻገር ስድስት ሰዓት ከአምስት ሆነ። የሰው ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባለድስቷ የድስቷን ክዳን ታያለች፤ እንፋሎቱ እየሳሳ ነው።

በዚህ መሀል ባለሱቁ እያለከለከ ደረሰ። ደረሰና ምርቃት ላይ እንደሆኑ ሲያይ ደነገጠ። የሰው ምርቃት አይቋረጥም፤ ነውር ነው። ምን ያድርግ? እሱም እጁን ዘርግቶ በሩ ላይ ቆመ። ቆሞ ቆሞ፣ ወደ ባለድስቷ ጆሮ ጠጋ አለና በሹክሹክታ ስልክ አለ፣ ሱቅ ነው፣ እትዬ ናት አላት።

ባለድስቷ አሰበች። ምርቃት ማቋረጥ ነውር ነው። ድስት ማንሣት ነውር ነው ያለ ግን የለም። ጨርቅ በሁለት እጇ ጠቅልላ ድስቱን አነሣችና በበሩ ወጣች።

መጀመሪያ የሰዉ ዓይን ድስቱን ተከተለ፤ ከዚያ አፍንጫው፤ ከዚያ እግሩ። እጁን እንደዘረጋ አንድ ባንድ ወጣ። ጋሼ ዝርዝር ተጨነቀ። ቁሙ ቢል ምርቃቱን ራሱ ማቋረጡ ነው፤ ዝም ቢል ባዶ ቤት ሊመርቅ ነው። ስለዚህ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እጁን እንደዘረጋ፣ አሁን ከደረሰበት ከወንዞቹ እየቀጠለ ተከተላቸው። መንገዱ ላይ ጋሪ የሚገፋ ሰውዬ ይህን አየና ነገሩን ሳይጠይቅ ጋሪውን አቁሞ እጁን ዘረጋ።

እትዬ ቶሎ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ሰማች። «ወንዞቻችን አይድረቁ፣ ምንጮቻችን አይደፍርሱ፣ ጅረቶቻችን፣ በስተምሥራቅ ያሉትም፣ በስተምዕራብ ያሉትም…» ወንድሟ ነው። ልቧ ድንግጥ አለ፣ ቀጥሎ ደስ አላት። ገና ወንዝ ላይ ነው።

ሱቁ በሰው ሞላ፤ በጆንያዎቹ መሀል፣ በደጃፉ፣ በመስኮቱ። ባለድስቷ ድስቱን የምታስቀምጥበት ብታጣ ሰባራው ሚዛን ላይ አኖረችው፤ ሚዛኑ አራት ኪሎ ብሎ ዋሸ። መነጋገሪያውን አንሥታ ከሰዉ ራስ በላይ ከፍ አድርጋ ያዘችው። ጋሼ ዝርዝር አልቆመም። ወንዞቹን ጨረሰ፤ ወደ ሐይቆቹ ሊሻገር ነው። ሲሻገር ትንፋሽ ወሰደ።

እትዬ ቶሎ የምትፈልገው ያችን ትንፋሽ ነበር።

«ያገናኘን አይለየን፣ የበላነው ይስማማን፣ ያጣ ያግኝ፣ ዓመት ዓመት ያድርሰን።»

«አሜን» አለ ሱቁ በሙሉ። ጋሪ ገፊውም አለ። ከእትዬ ቶሎ ኋላም አንድ አሜን ተሰማ። ዞር ብትል ባለቁልፏ እጇን ዘርግታ ቆማለች፤ ሁለቱ ተኳሾችም፤ እንቁላሉን ፍለጋ የወረደው ሽማግሌም።

ከዚያ የድስት ክዳን ሲከፈት ሰማች። ያን ድምፅ ሦስት ወር አልሰማችውም ነበር። ሰው ሲስቅ፣ ሲሻማ፣ አንዱ በስኳር ጆንያ ላይ ሲቀመጥ ባለሱቁ ሲቆጣው ሰማች። አንድ ድምፅ ብቻ ጎደላት።

«ወንድሜ ምን ሆነ?»

«እኔ ቀድሜ ጀምሬ ነበር ሲል ነበር» አለች ባለድስቷ አፏ ሞልቶ። «የአያትን ፍርድ ሳስታውሰው ክርክሩን ተወ። ቆሟል።»

«አልበላም?»

«የት ይበላል? እጁ እንደተዘረጋ ነው። በሩ ጋ ነው ያለው።»

እትዬ ቶሎ መነጋገሪያውን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። እጅ እንደተዘረጋ፣ በር አጠገብ፣ ሳይበላ። ይህን ሰው ከዚህ በፊት አይታዋለች፤ ያኔ እጁ ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር።

«አብሉት» አለች። «እጁን አያውርድ ከፈለገ፤ በአፉ ስጡት። ሲውጥ ስልኩን አቅርቡለት።»

አበሉት። ሲውጥ ተሰማ።

«የት ደርሰህ ነበር?» አለችው።

«ሐይቆቹ ጋ» አለ። ድምፁ አኩርፏል።

«ምን ቀረህ?»

«ሐይቅ፣ ዝናብ፣ ዘር፣ ከብት…»

«ከብት የለንም።»

«ለሚኖረን ነው። ከዚያ ጎረቤት በየቤቱ። ከዚያ አንቺ።»

«እኔም አለሁበት?»

«መጨረሻ ላይ ነሽ። መንገደኛ በመጨረሻ ነው የሚመረቀው። ለአንቺ የያዝኩት ረጅም ነበር።»

እትዬ ቶሎ በፎጣው ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ፎጣው ለካ ለዚህ ነበር የታሰረላት።

«ስማ» አለችው። «ከምግብ በፊት ያለው የእኔ ነው፣ እስክሞት። ረኃብተኛ አስቁሜ አልመርቅም። ከምግብ በኋላ ያለው ግን ያንተ ይሁን፣ በየዓመቱ። የጠገበ ሰው ይታገሣል። በውል ወረቀቱ ላይ ጨምረው።»

ጋሼ ዝርዝር አሰበ። «ጊዜ ገደብ አለው?»

«የለውም።»

«ይጻፍ» አለ። ድምፁ ተመለሰ።

ባለቁልፏ ከቦርሳዋ ዳቦዋን አውጥታ ለሁለት ገመሰችና ግማሹን ለእትዬ ቶሎ ሰጠቻት፤ ወንበርም አቀረበችላት። እትዬ ቶሎ ቁጭ ብላ በላች። ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰች ትዝ ያላት ያኔ ነው። ማሽኑ ጮኸና ቆመ። ካፖርቷን አወጣች፤ ዝገቱ ለቋል። ስልኩም በሕይወቱ እንዲያ ጸድቶ አያውቅም፤ አሥራ አንድ ጥሪ አምልጦሻል ይላል፣ ሁሉም የአንድ ሰው።

ሱቁ በልቶ ሲጠግብ ጋሼ ዝርዝር ከሐይቆቹ ጀመረ። እትዬ ቶሎ መነጋገሪያውን በሁለት የፎጣ ክምር መሀል አስደግፋ መተኮሻዋን ያዘች። ሐይቁ ሲያልቅ ሰባት የትራስ ልብስ ተኩሳለች። ዝናቡ ላይ አሥራ ስድስት። ለሚኖራቸው ከብት በየቀለሙ ሲመርቅ ሠላሳ ደረሰች። አርባ ሦስተኛውን ስታጥፍ እሱ ገና ከጎረቤት ሦስተኛው ቤት ነበር። ከበስተኋላው አንድ ሰው ሲያንኮራፋ ይሰማል።

ባለቁልፏ ቁልፏን እያንቃጨለች መጣች። ስልኩን አየች፣ ሰዓቱን አየች፣ እትዬ ቶሎን አየች። እትዬ ቶሎ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆይ አለቻት፤ መጨረሻ ላይ ነኝ። ባለቁልፏ ምን እንደገባት እንጃ፣ ዘለላዋን በእጇ አፍና ያዘችና ድምፅ ሳታሰማ ወጣች።

እትዬ ቶሎ አርባ አራተኛውን አነሣች። ይህኛውን ቀስ ብላ ተኮሰችው።